ልዩ ማዕከል እስኪሠራ ድረስ

«እነዚህ ልጆች ልዩ ቦታ ይፈልጋሉ።» ኦቲዝም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ይግባ የሚል ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ከትምህርት ቢሮ ባለሙያ እስከ ጎረቤት የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። መልሱን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክፉ ሰው «አልቀበልም» ቢል ወላጅ ይከራከራል፣ ይከሳል፣ ሽማግሌ ይልካል። «ልጅሽን የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ቦታ ውሰጂው» የሚልን ርዕሰ መምህር ግን ምን ብላ ትሟገተዋለች? አመስግና ልጇን ይዛ ትመለሳለች። አሶሳ ከተማ ከሆነች ወደ ቤቷ፣ ሆሞሻ ወረዳ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ከሆነች ደግሞ ወደ መጠለያዋ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ የሚጠይቅ የለም። እኔ የምለው ይህ መልስ በጨዋ አንደበት የተነገረ ክልከላ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምርመራ ወረቀት ሳይኖረው፣ ስፔሻሊስት ሳይጠበቅለት፣ ዛሬ ባለው መደበኛ ክፍል መማር አለበት፤ ከሚያስፈልገው ድጋፍ ውስጥም አብዛኛው ዛሬ ባለው መምህር እጅ ያለ ነው።

«ልዩ ቦታው» የት እንደሆነ ከማየት እንነሣ። ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው አዲስ አበባ ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የቆመው እዚያው ነው። የጆይ መሥራች ዘሚ የኑስ በ2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረበች ኦቲዝም እርግማን አለመሆኑን ያስረዳች፣ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ ያዘጋጀች ሴት ናት፤ አገር ሊያመሰግናት ይገባል። ይሁን እንጂ ማዕከሉ ለምን እንደተከፈተ አንርሳ። መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልጇን አልቀበል ስላሏት ነው። ልጅን ከደጅ መመለስ ያስከተለው መፍትሔ ዛሬ ሌላውን ልጅ ከደጅ ለመመለስ በምክንያትነት ይጠቀሳል ማለት ነው። ደግሞስ ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጾሬ ነዋሪ የሆነች ስደተኛ እናት ከመጠለያው ርቃ ለመሄድ መጀመሪያ የይለፍ ወረቀት ማግኘት አለባት። አዲስ አበባ ደርሳም ቢሆን በማዕከላቱ ተራ የሚጠብቁት ከሚማሩት በብዙ ይበልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። ግምቱ ለኛም ይሠራል ብንል፣ ሺህ ተማሪ ሊኖረው በሚገባ አንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ ስምንት ያህል ልጆች አሉ። ስምንቱን ልጆች የሚወስድ ማዕከል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በየወረዳው ይሠራል ብሎ ከልቡ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ።

ሁለተኛው መሰናክል ወረቀት ነው። «መጀመሪያ ይመርመርና ኦቲዝም መሆኑ ይረጋገጥ» ይባላል። ነገሩ ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ምርመራውን የሚያደርጉ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞች ግን በአገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ የሚሠሩትም በአብዛኛው በዋና ከተማዋ ነው። ወረቀቱ ቢገኝስ በሩን ይከፍታል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የሚታዩ፣ ኦቲዝምና ሌላ የአእምሮ ዕድገት እክል ያለባቸው ልጆችን የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። በጣም የጎደለን ብለው ያነሡት ትምህርት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይህንኑ ተናግረዋል። የሕክምና ባለሙያ እርዳታ ጎደለን ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እኮ ሐኪም ዘንድ የደረሱ፣ ምርመራ ያገኙ፣ ማዕከላቱ ባሉበት ከተማ ልጃቸውን የሚያሳክሙ ናቸው። ወረቀቱን ይዘው ትምህርት ቤት ያላገኙ ወላጆች ዋና ከተማው ላይ እያሉ፣ ከጾሬ ወላጅ ወረቀት መጠየቅ የማይገኝን ነገር ለማይጠቅም ጉዳይ ፈልጉ ማለት ነው። ምርመራ አያስፈልግም አላልኩም። ለመድኃኒት፣ ለሕክምና ክትትል፣ ለወላጅ እረፍትም ያስፈልጋል። ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ግን አያስፈልግም።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? መልሱን ለማየት በክልሉ የተለመደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጠዋት ይበቃናል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ጆሮ ይሰነጥቃል። ሰልፍ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ከዚያ በአንድ ጠባብ በር የሚደረገው ግፊያ አለ። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ዝናቡ ከግንቦት አንሥቶ ወራት ስለሚዘልቅ፣ ሲወርድ መምህሩ ራሱ ድምፁን አይሰማውም። ድምፅ ከሌላው ሰው በላይ የሚያሳምመው ልጅ በዚህ ሁሉ መካከል ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ፣ ከበሩ ሲሸሽ ወይም ዴስክ ሥር ሲገባ «አስቸጋሪ» ይባላል። የሚረዳው ነገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነው። ከደወሉ በፊት «አሁን ይደወላል» ተብሎ ይነገረው፤ ግፊያው ካለፈ በኋላ በመጨረሻ ይግባ፤ ከበሩ ርቆ በግድግዳው በኩል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። መምህሩ ካርቶን ቆርጦ የዕለቱን ውሎ በሥዕል ያሳየው፦ መጽሐፍ፣ ቁጥር፣ ኳስ፣ ምግብ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ካርቶኑ ይነሣል፤ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን በዓይኑ ያያል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሁን፤ «ደብተራችሁን አውጥታችሁ ገጽ ሃያ ላይ ያለውን ገልብጣችሁ ስትጨርሱ…» ከማለት ይልቅ «ደብተርህን አውጣ» ብሎ መጠበቅ። ሲበዛበት ወጥቶ የሚቀመጥበት አንድ የማንጎ ጥላ ይታወቅለት፤ አብሮት የሚወጣ አንድ ጓደኛም ይመደብለት።

ይህን የምለው ከራሴ ፈልስፌ አይደለም። ቀኑን በዓይን በሚታይ ቅደም ተከተል ማዋቀር በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ «ቲች» በሚባለው ፕሮግራሙ ሲያስተምረው የኖረ ነው፤ እኩያ ተማሪን አሰልጥኖ አጋዥ ማድረግም በጥናት ተደጋግሞ የተፈተነ ዘዴ ነው። ሁለቱም ከየት እንደመጡ ሳይሆን ምን እንደሚፈልጉ ይታይ፤ ካርቶን፣ ማርከር፣ ክርና አስቀድሞ የሚያስብ መምህር ነው የሚፈልጉት። በመምህራን ኮሌጆቻችን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርስ ይሰጣል። ተማሪው ግን የጉዳት ዓይነቶችን ከነትርጉማቸው አጥንቶ ይፈተንና፣ መስከረም ላይ ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ልጅ ሲገጥመው የሚያደርገው ይጠፋዋል። የኦቲዝምን ትርጉም በሦስት ነጥብ ዘርዝሮ የሚጽፍ ዕጩ መምህር፣ የሥዕል መርሐ ግብር በእጁ ሠርቶ ካልወጣ ኮርሱን ተምሯል አልልም።

በጣም የሚከብደው ተቃውሞ የክፍል ብዛት ነው። የመንግሥት መስፈርት ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ በስደተኞች ትምህርት ቤቶች ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የቶንጎ መጠለያ በግጭት ሲፈርስ ብዙ ስደተኛ ወደ ጾሬ አካባቢ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በኩርሙክ በኩል አዲስ ሰው ገባ። «ለሰማንያ ልጅ የማይበቃ መምህር ለአንድ ልጅ ካርቶን ይቁረጥ ትላለህ?» የሚለኝ መምህር እውነት አለው፤ ድካሙንም አላቃልልም። ግን የተጨናነቀ ክፍል ጊዜውን በምን እንደሚያባክን እንይ። ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሻገር በሚነሣው ትርምስ፣ ያልተሰማ ትእዛዝ በመድገም፣ ቀጥሎ ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆችን ዝም በማሰኘት ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ የተሰቀለው የሥዕል መርሐ ግብር የሚጠቅመው ኦቲዝም ላለበት ልጅ ብቻ አይደለም፤ የመማሪያ ቋንቋውን ገና ላልለመደው፣ ትናንት ድንበር ለተሻገረው፣ መስማት ለሚቸግረው ሁሉ ይጠቅማል። አጭር ትእዛዝም እንደዚያው። ሰማንያ ልጅ ያለበት ክፍል ሥርዓት ከሠላሳው ይልቅ ያስፈልገዋል። አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ፦ ጫጫታውን ካርቶን አይቀንሰውም። ክፍል መጨመርና መምህር መቅጠር የመንግሥትና የለጋሾች ዕዳ ነው፤ ዕዳው እስኪከፈል ግን ከሰማንያው መካከል ተለይቶ የሚወጣው ለምን ሁልጊዜ ያው ልጅ ይሆናል?

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከአስተዋዮቹ ነው፤ የጾሬን ልጆች ታሪክ ያውቃሉ። በሱዳን የብሉ ናይል ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተነሣ ወዲህ ከዚያ ወገን የመጡ ቤተሰቦች ቦምብ ያዩ፣ ደጋግመው የተፈናቀሉ ናቸው። የማይናገር፣ ዓይን የማይመለከት፣ ድምፅ ሲሰማ የሚሸሽ ልጅ ኦቲዝም ይሁን የጦርነት ድንጋጤ፣ ወይስ ቋንቋው ያልገባው፣ መምህር በምን ይለየዋል? አይለየውም፤ መለየትም የለበትም። ለዚህ ነው ከወረቀቱ በፊት ድጋፉ ይቅደም የምለው። መድኃኒት ቢሆን በስህተት መስጠት ይጎዳ ነበር። ጸጥ ያለ መቀመጫ፣ ቀድሞ የሚነገር ለውጥ፣ የሥዕል መርሐ ግብርና አንድ አጋዥ ጓደኛ ግን የደነገጠውንም፣ ቋንቋ ያልገባውንም፣ ኦቲዝም ያለበትንም ያግዛሉ፤ ማንንም አይጎዱም። እንዲያውም ስድስት ወር እንዲህ ታግዞ ልጁ ምን እንደለወጠና ምን እንዳልለወጠ መምህሩ ከጻፈው፣ ያ ማስታወሻ ኋላ ለሚያየው ሐኪም ከአሥር ደቂቃ ምርመራ የሚበልጥ መረጃ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። መምህር በገዛ ሥልጣኑ «ኦቲስቲክ ነው» ብሎ ስም ሲለጥፍ ስሙ ልጁን በየክፍሉ ይከተለዋል። መዝገብ ላይ የሚጻፈው የሚያስፈልገው ድጋፍ ይሁን።

ቋንቋን ካነሣን በዚህ ክልል የሚደጋገም አንድ ምክር አለ፦ «ልጁ አልናገር ካለ አንድ ቋንቋ ብቻ ንገሩት፤ የትምህርት ቤቱን።» የቤት ቋንቋው በርታ የሆነ ልጅ በርታ እንዲቀርበት፣ ኢንገሰና ወይም አረብኛ የሆነ ደግሞ ያንን እንዲተው ይመከራል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሁለት ቋንቋ መካከል ማደጉ ንግግሩን ይበልጥ እንደሚያዘገየው አላሳዩም። ምክሩ የሚያደርገው ልጁ ከእናቱ ጋር የሚግባባበትን ብቸኛ መንገድ መዝጋት ነው። ክልሉ በርታን፣ ጉሙዝንና ሺናሻን በአንደኛ ደረጃ ለማስተማሪያነት ማብቃቱ ለእነዚህ ልጆች ሳይታሰብ የተሠራ ውለታ ነው። በመጠለያው ትምህርት ቤቶችም የማይስተዋል አንድ ሀብት አለ፤ በማበረታቻ ክፍያ የሚሠሩ ስደተኛ መምህራን። የልጁን ቋንቋ ይናገራሉ፣ ቤተሰቡን ያውቃሉ፣ ከሰፈሩ አይለቁም። ከአዲስ አበባ በሁለት ወር አንድ ቀን ከሚመጣ፣ ከልጁም ከእናቱም ጋር በአስተርጓሚ ከሚነጋገር ባለሙያ ይልቅ፣ አንድ እንዲህ ያለ መምህር አንድ ሳምንት ሠልጥኖ ቢመደብ ልጁ ይጠቀማል። የሚከፈላቸው ትንሽ መሆኑ ግን ያሳፍራል፤ ተጨማሪ ሥራ ስንሰጥ ክፍያውም መነሣት አለበት።

«የምትለው ለቀላሉ ይሠራል፤ ራሱን የሚነክሰውን፣ ምንም የማይናገረውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትንስ?» ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ የለኝም። ቀኑን ሙሉ በመደበኛ ክፍል መዋል የማይችሉ ልጆች አሉ፤ ሰዓታቸው አጭር ሊሆን ይችላል፤ ከቀኑ ገሚሱን ከሁለት ከሦስት ልጆች ጋር በሌላ ክፍል መማር ሊኖርባቸው ይችላል። የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር በብዛት አብሮ ስለሚመጣ ከጤና ጣቢያ ጋር መነጋገር ግድ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ስፔሻሊስት ሳይጠብቁ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚታዘዝ ነው። ሌላው ክፍል ግን በዚያው ግቢ፣ በዚያው ደወል፣ በዚያው ዕረፍት ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ተሰባስበው መማራቸውን አልቃወምም። የምልክት ቋንቋ ተናጋሪ ከሌለው አይኖርም፤ እነሱ ቋንቋቸውን የሚያገኙት ከመሰሎቻቸው ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚቸግረው ግን ከሌሎች ጋር መግባባቱ ሆኖ ሳለ፣ ከሌሎች ልጆች መለየት የጎደለውን ነገር ለመማር ያለውን ዕድል መንጠቅ ነው።

የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ደግሞ በተቃራኒው ይወቅሱኝ ይሆናል፦ «ባለው ተጠቀሙ ስትል መንግሥትን ከግዴታው እያወጣኸው ነው።» ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደ ኢትዮጵያዊው እንዲማር ይፈቅዳል። ሕጉን አንድ ላይ ስናነበው የጾሬ ልጅ ሁለት ጊዜ መብት አለው። ስለዚህ መንግሥትን ከግዴታው ማውጣት አልፈልግም፤ ግዴታው የት ላይ እንዳረፈ ግን ማሳየት እፈልጋለሁ። የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 ባወጣው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ዕቅድ የመረጠው መንገድ ሩቅ ማዕከል አይደለም። በጉድኝት ማዕከሉ ትምህርት ቤት አንድ የመርጃ ክፍል እንዲኖር፣ እዚያ የተመደበው መምህርም በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ እንዲያግዝ ነው። ባለሙያው ወደ ልጁ ይሂድ የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ አሸንፏል። የተሸነፈው በበጀትና በአስተሳሰብ ነው። የመርጃ ክፍል ሲመረቅ ካርታና ብሬል ሰሌዳ ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ተዘዋዋሪው መምህር የሞተር ብስክሌት ነዳጅ ሳያገኝ እዚያው መደበኛ ክፍል ያስተምራል። ሪፖርቱ ደግሞ «በአካቶ የሚማሩ» ብሎ የተመዘገቡትን ይቆጥራል። ኋላ ወንበር ላይ ማንም ሳያናግረው የሚውል ልጅ በሪፖርቱ ከሚማረው ጋር እኩል ነው። እንዲህ ያለውን አካቶ ከክልከላው የምለየው በጥቂቱ ነው። ተሟጋቾቹ የመብት ጥያቄያቸውን «ስንት ተመዘገበ?» ከማለት ወደ «ተዘዋዋሪው መምህር በዚህ ወር ስንት ጊዜ መጣ?» ቢያዞሩት ከእኔ ጋር አይለያዩም። የወላጆች ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያ ተሞክሯል፤ የሚሰጡትም የግድ ሐኪሞች እንዲሆኑ አይጠይቅም። ጾሬ ላይ ያሉት የጤና ሠራተኞችና መምህራን ሠልጥነው ሊሰጡት ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምዝገባው ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ትምህርት ቢሮ የምርመራ ወረቀት ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን በአንድ ደብዳቤ ሊያስቆም ይችላል። በክልሉ ያለ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሥዕል መርሐ ግብር መሥራትን በተግባር ልምምድ ፈተናው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትም ለየትምህርት ቤቱ አንድ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገር ስደተኛ መምህር በረዳትነት ሊመድብ ይችላል። ርዕሰ መምህራንን ግን ደብዳቤ እስኪመጣ እንዳትጠብቁ እለምናለሁ። በመስከረም ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት «አይናገርም፣ ይጮኻል» ስትላችሁ «ሌላ ቦታ ውሰጂው» አትበሏት። ስሙን ጠይቁ፣ ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁ፣ ጻፉት፤ ከዚያ የትኛው ክፍል እንደሚገባ ንገሯት።